ሐዲድ ቀያሪው አከራዬ

ሮቤ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ኦቦ ቶላ በወጣትነታቸው ምሥራቅ ወርደው ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ሐዲድ ቀያሪ ሆነው ሠርተዋል። አንድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ በሦስት ማዕዘን ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«ባቡር ፊቱን የሚያዞርበት ሐዲድ ነው» አሉኝ። «በአንዱ ጎን ይገባል፣ በሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ዞሮ ይወጣል። እዚህች ማዕዘን ላይ በስህተት ቀይሬ ባቡሩን ከሐዲድ አስወጣሁት። በጓደኛዬ በሁሴን አሳበብኩና እሱ ተባረረ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ጊኒር አለ ይሉኛል። በምን ዓይኔ ልየው?»

በማግስቱ እንደ ምንም አግባብቼ ይዣቸው ሄድኩ። ኦቦ ቶላ በጓደኛቸው ቤት በር ላይ እንደቆሙ ሁሉንም ተናገሩ። 

«ያን ቀን ስትቀይር አይቼህ ነበር» አሉ ኦቦ ሁሴን። «አንተ አምስት ልጆች ነበሩህ፣ እኔ ላጤ ነበርኩ። ልጆቹ ደኅና ናቸው?»