ቀዩ ጥለት

ሉ ጉይፈን በየማለዳው ክቡን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልና ሦስት የሻይ ስኒ ታስቀምጥበታለች፤ በስኒና በስኒ መካከል ያለውን ርቀት በስንዝሯ እየለካች። በቻይና፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ባለ በዚህ ገበያ ሃያ ዓመት የልብስ ቁልፍ ሸጣለች፤ ገበያተኛው ሸምጋይ አድርጎ ከመረጣት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ባለ አራት ማዕዘኑን ጠረጴዛ ያስወጣችው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ራስጌ ያለው ጠረጴዛ ነገሩ ሳይሰማ ይፈርዳል ባይ ናት።

ያን ዕለት በግራዋ ሻሽ ሰፊው ጂን ሹይሚንግ፣ በቀኟ ሴኔጋላዊው ነጋዴ ባባካር ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ባባካር ለአገሩ የጸሎት በዓል ሦስት ሺህ ነጭ ሻሽ አዝዞ ነበር። ጂን ግን በቻይና ነጭ የለቅሶ ቀለም ነውና ሰግቶ በየሻሹ ዙሪያ ቀይ ጥለት ሰፋበት፤ ሳይጠይቅ፣ ዋጋም ሳይጨምር። ሻሾቹን የሚወስደው መርከብ ሊነሳ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«ውሉ ነጭ ነው የሚለው» አለ ባባካር በጠራ ቻይንኛ። «የድሮው ውል ቢሆን ለንደን ሄደን እንካሰስ ነበር። እዚሁ ይታይ ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ። እዚህ ደግሞ ሰዉ ሁሉ የጂን ዘመድ!»

«ዘመዴስ አንተ ነህ! በልጄ ሰርግ ከአማቼ በላይ የጨፈረው ማን ነው?» ጂን ወደ ጉይፈን ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ለራሴ የምመኘውን አደረግኩለት። ይሄ ጥፋት ነው?»

«ደግ አስቦ ነው፣ ተወው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ጥለቱ ከመሰፋቱ በፊት የነጩን ሻሽ ክምር በጂን ሱቅ ስታይ እሷንም ለቅሶ እንዳሳሰባት ትዝ አላት። እሷም ብትሆን ጥለቱን ትሰፋው ነበር። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ ሚዛኑ ግን የእሷና የጂን ብቻ ነበር።

«ጂን፣ አያቴ የጠላሽውን በሰው ላይ አታድርጊ እያሉ ነው ያሳደጉኝ» አለች። «የወደድሽውን በሰው ላይ ጫኚ ያለኝ ግን የለም።»

ጂን አንገቱን ደፋ። «ገበያው ሲሰማ ፊቴን የት ልደብቀው?»

«በሻሽ» አለ ባባካር። «ሦስት ሺህ አለህ።»

ጂን ሳቁ አመለጠው። ተነሥቶ ሻይ ቀዳና ስኒውን በሁለት እጁ አቀረበለት፤ በዚህ ገበያ ሰው ጥፋቱን የሚያምነው እንዲህ ነው። ባባካር ግን አልተቀበለም።

«በዓሉ ካለፈ ይቅርታህ ምን ይሠራልኛል?»

«ጥለቱ ይተረተራል» አለ ጂን። «ቤተሰቤ ሁሉ መቀስ ከያዘ በአምስት ቀን ያልቃል።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ጉይፈን። «ባባካር፣ ሰዉ ሁሉ ዘመዱ ነው ያልከው እውነት ነው። ከእኔ ጋር አብረህ ትሸመግላለህ?»

ባባካር ስኒውን ተቀብሎ ጠጣ።

መርከቡ ሐሙስ ይነሳል። ከመጪው ወር ጀምሮ ጉይፈን ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጠው አራት ስኒ ነው፤ አራተኛው ለባባካር።