ያልተበላው የደቦ ምሳ

ከደብረ ታቦር የተነሳሁት ማመልከቻ አጻጻፍ ላስተምር ነበር። አሁን ሳስበው ራሴኑ ያስቀኛል። የአክስቴ ልጅ ጥሩወርቅ ከጉና ግርጌ ደውላ፣ «አሮጌው የቀበሌ መጋዘን ለወጣቶች ይሰጠን ብንል ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉን። አንቺ ቢሮ ለቢሮ ስትመላለሺ ነው ያደግሽው፤ ነይና አግዥን» አለችኝ። እኔም እስክሪብቶና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቄ፣ ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ።

እስከ ክምር ድንጋይ

ሚኒባሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ። ጭኔ ላይ ለያዝኩት ቦርሳ ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቀኝ።

«ቦታ ይይዛላ!» አለ።

«የያዘው ጭኔን ነው። ጭኑ ደግሞ የኔ ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ አንዲት እናት፣ «ይችን ያገባ ጉዱ ፈላ!» አሉ። ረዳቱ በሩን በኃይል ዘጋው፤ ታሪፉን ብቻ ከፈልኩ።

ከባሕር ዛፉ መሃል ወጥተን ሽቅብ ስንጀምር ግራና ቀኙ የታጨደና ያልታጨደ ማሳ ነበር። ጉና አናቱን በደመና ሸፍኗል። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየና፣ «በኅዳር ይኼ ምን ይሉታል?» አለ። አብዛኛው ተሳፋሪ ሜዳ ላይ የቆመ ገብስ ያለው ገበሬ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ደመናውን አየ።

ክምር ድንጋይ ስደርስ ጥሩወርቅ የወንድሟን ካፖርት ደርባ ትጠብቀኛለች። አሥረኛን ከጨረሰች ወዲህ አልተያየንም ነበር። ሻይና ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬ አስቀረብኩ፤ ዋጋው ከደብረ ታቦር ግማሽ አይሆንም። ከዚያ በኋላ መኪና የለም፤ በእግር ነው።

ሽቅብ

የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ እርቁ ገና ትኩስ ነው። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ «ለመሆኑ የት ነው የምትሰባሰቡት?» አልኳት።

«ወንዶቹ ጠላ ቤት። እኛ ምንጩ ጋ።» ትንሽ ሄደችና ጨመረች፦ «ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ ነው ወጣትነታችን።»

መጋዘኑን አሳየችኝ። ግማሽ ጣሪያው ነፋስ ወስዶታል፣ አንዱ ግድግዳው ተንዷል። መጻሕፍት፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራትና ሴቶቹም ሳይሸማቀቁ የሚቀመጡበት አግዳሚ ሊያስገቡበት አስበዋል። ቀበሌው «ሽማግሌዎች ከተስማሙ ጠግናችሁ ያዙት» ብሏቸዋል። ሽማግሌዎቹ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ የድንች ነጋዴ ሊሰጡት ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ አያ ደርሶ ይባላሉ። ልጆቹ ሊያስረዷቸው ሲሞክሩ በአንድ ቃል ዘግተዋቸዋል፦ «ጎጆ ያልወጣ ልጅ በአገር ጉዳይ አፍ የለውም።»

ደሜ ፈላ። እነዚሁ አፍ የላቸውም የተባሉት ናቸው መቃብር የሚቆፍሩት፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልት የሚያወርዱት። አፍ የሌለው ሰው ትከሻ ከየት አመጣ?

ወረቀቴን ሳወጣ ጥሩወርቅ እጄን መለሰችው። «ወረቀትማ አስገብተናል። አያ ደርሶ የሚያከብሩት ሌላ ሕግ ነው።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ቆላው አዞረች። «እኩዮቼ ሰሊጥ አጨዳ ብለው መተማ ከወረዱ አልተመለሱም። ይኼ ቤት ከቀረ እኔም እሄዳለሁ።»

አጨዳ

ሐሙስ የአያ ደርሶ ደቦ ነበር። የሳቸውም ልጆች ቆላ ወርደዋል፤ ገብሱ ደርሷል፣ ደመናው ተጭኗል። ደቦ ሲጠሩ አባቶች እንደ ልማዳቸው ልጆቻቸውን ላኩ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጥሩወርቅ ማጭድ ይዛ ከወንዶቹ ጋር ተሰለፈች፣ እኔ ነዶ እያሰርኩ ከኋላ ተከተልኩ። ቀትር ሳይሆን ገብሱ መዳፌን ላጠው።

የአያ ደርሶ ሚስት እትዬ ጠጄ ምሳ አስጭነው መጡ፦ የገብስ እንጀራ ከነሽሮው፣ ቆሎ፣ ጠላ በእንስራ። ሽሮው በቅቤ አብዷል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ልጆቹ ግን ተነስተው ፈቀቅ አሉና ከየከረጢታቸው በሶና ቅቅል ድንች አወጡ። እኔ ነገሩ አልገባኝም፤ እጄን ወደ ቆሎው ስሰድ ጥሩወርቅ ጧ አድርጋ መታችኝ።

«አንዲት ፍሬ ከዋጥሽ ደቦ ይሆናል!» አለች በሹክሹክታ።

ያኔ በራልኝ። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለበትም። ወንፈል ግን ሥራ በሥራ ነው፦ ላንተ የዋለውን ቀን አንተም ትውልለታለህ። የሠራተኛው ሆድ ከባለቤቱ መሶብ ካልቀመሰ፣ ቀኑ ብድር ሆኖ ይቀመጣል። ወንፈል የሚይዙት ደግሞ እኩል ለእኩል የሆኑ ሰዎች ናቸው።

እትዬ ጠጄ እንባ ቀረሽ ሆኑ። «ምን አስቀየምኳችሁ? መርዝ መሰላችሁ?» ልባችን ተነካ፤ እውነት ለመናገር የሳቸው ጥፋት አልነበረም። አያ ደርሶ ግን እጃቸውን አወናጨፉ። «ተያቸው! የዘንድሮ ልጅ ጥጋበኛ ነው፤ ሲርበው ይመጣል።»

አልመጣንም። ማሳውን ጨርሰን፣ ነዶውን ከምረን ወጣን። በማግስቱ በረዶ ወረደ። ያልታጨደ ማሳ ሁሉ ተኛ፤ የአያ ደርሶ ገብስ ክምር ላይ ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እናቶች በአንድ ወገን ቆሙ። የድንቹ ነጋዴ ጉዳይ ሊነሳ ሲል ጥሩወርቅ ወደ መሃል ገባች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ነግሬሻለሁ፣ ጎጆ ያልወጣ…» ብለው አያ ደርሶ ጀመሩ።

«ልከራከር አልመጣሁም፣ አያ ደርሶ። ብድራችንን ልጠይቅ ነው። ወንፈል አለብዎ።»

«የምን ወንፈል? የጠራሁት ደቦ ነው!»

«ደቦ ከሆነ ምን በላን?»

አያ ደርሶ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እትዬ ጠጄ ከእናቶቹ መሃል ፈነዱ። «እውነቷን ነው! አንድ ቁራሽ አልቀመሱልኝም! ጠላዬን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም፤ እንዲህ ነው ያዋረዱኝ፣ ማርያምን!» ሴትዮዋ ሊከሱን ተነስተው መሰከሩልን። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

አያ ደርሶ ፊታቸው ጠቆረ። «ወንፈል የአባወራ ነው። ከልጅ ጋር ወንፈል የለም።»

«እንግዲያው ገብስዎን ማን አጨደው?» አለች ጥሩወርቅ። «ሰው ነው ካሉ ብድሩን ይመልሱ። ሰው አይደለም ካሉም እዚሁ፣ አገር ፊት ይበሉት!»

ሳቁን በጋቢው የሸፈነው ሽማግሌ፣ «ደርሶ፣ ብድር በምድር ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አያ ደርሶ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። «ለያንዳንዳችሁ አንዳንድ ቀን ነው ያለብኝ» አሉ። «መቼ ልምጣ?»

«ነገ። ድጅኖዎን ይዘው።»

ሰኞ ማልደን መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ቀድመውን የተናደውን ድንጋይ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ሰላምታችንን በግማሽ አፍ መለሱ። ምሳ ስናቀርብላቸው ገፉትና ከኪሳቸው በሶ አወጡ። «ዕዳዬን አጉድዬ አልከፍልም!» አሉ። እሳቸው ድንጋይ ያኖሩበትን ግድግዳ ለነጋዴ እንስጥ የሚል ሰው ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ጥሩወርቅ ካፖርቷን አውልቃ ጭቃ ታቀብላቸው ነበር። ስለ መተማ አንድም ቃል አላነሳች።

ደብረ ታቦር

ወረቀቴ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። ሁሉም አገር ወንፈል ባይኖረውም፣ ወጣቱ ያለ ድምፅ የሚሸከመው ሸክም የሌለበት አገር አላውቅም። የኛው ሰፈር ዕድር ራሱ እንዲያ ነው፦ ድንኳኑን እንተክላለን፣ ሰሃኑን እናጥባለን፣ ስብሰባ ሲሆን ሻይ አድለን እንወጣለን።

በዚህ ወር ስብሰባ ሻዩን አድዬ ስጨርስ ባዶ ወንበር ፈልጌ ቁጭ አልኩ። የዕድሩ ሰብሳቢ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ደክሞሽ ነው ልጄ? በይ አንቺም ሻይሽን ጠጪና ሂጂ።»

«አልጠጣም፣ ጋሼ» አልኩና ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። «የዛሬው ወንፈል ነው።»