መርዶ ደብቆ ከባሕር ዳር ብቸና

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሞጣ የተነሣሁት ታናሽ ወንድሜን ይበልጣልን ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ብቸና፣ እናታችን ቤት ለማድረስ ነው። አባታችን ካረፉ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ቻይና ያለው ይበልጣል የሚያውቀው ግን «አባባ ትንሽ አሟቸዋል፤ ና» መባሉን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። ለእኔም ሞጣ ላይ ባልደረቦቼ እንደዚያው ነገሩኝ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ሳላስነቃ መቆየት የእኔ ድርሻ ሆነ።

የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበትን ሰዓት የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። እሱ ካለበት ከጓንዡ እስከ አዲስ አበባ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቲኬቱ ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብትቀናንሱት ስድስት ሰዓት ያህል ይመጣል፤ ቻይና በአምስት ሰዓት ስለምትቀድመን ግን ልጁ አየር ላይ የሚቆየው ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት። ስሌቴ አልተዛነፈም፤ ኮራሁበትም።

ባሕር ዳር፣ ስድስት ሰዓት

ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ዐይኑ አብጧል። «እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ። ዓሣ ጥብስ አዘዝኩለት፤ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ስለ አባባ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔ ሞኙ «ተመስገን» አልኩ በልቤ። አዴትን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ስለ ጤፉና ስለ ዘንድሮው ዝናብ ስለፈልፍ ዋልኩ። ሞጣ እኔ ቤት አደርን።

ሐሙስ፣ ወደ ብቸና

ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ይበልጣል በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣

«ጋሼ፣ አባባ መቼ ነው ያረፉት?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አንተው ነሃ! ባመማቸው ቁጥር መድኃኒት ላክ ትለኝ አልነበር? አሁን ና ብቻ አልከኝ። መድኃኒት አምጣ አላልክም።»

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስደምርና ስቀንስ አንድ የመድኃኒት ስም መጥራት ረሳሁ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ አይደል? ደግሞ አንተ ስትለፋ አሳዘንከኝ።»

ብቸና፣ ሁለት ሰዓት

ግቢው ሞልቷል። አንድ አረጋዊ ተነሥተው «ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ፣ አባትህ…» ሲሉ ይበልጣል ሳያስጨርሳቸው ጮኸ። የሚያስመስል መስሎኝ ነበር፤ አላስመሰለም። ሁለት ሰዎች ደግፈው ያዙት።

እናታችን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዐይኑን አየችው።

«ይሄ የዛሬ እንባ አይደለም። የት ነው ያለቀስከው ልጄ?»

«አውሮፕላን ውስጥ።»

«ማን ይዞህ?»

እናታችን ዞራ እኔን አየችኝ።

ጓንዡ አብረውት የሚኖሩ ያገር ልጆች ነበሩ። ለአንዳቸው ደውዬ «ተሰብስባችሁ በማለዳ ቤቱ ሂዱና ንገሩት» ማለት እችል ነበር። ብቻውን እንዳያለቅስ ብዬ የደበቅኩት መርዶ ብቻውን አስለቀሰው። ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አፈርኩም። እናቴን ይቅርታ ልጠይቃት አጠገቧ ሄድኩ።

«እኔን ተወኝ» አለችኝ። «እሱ አጠገብ ተቀመጥ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ።