ጭራ ያለው እንጉዳይ

እንጉዳይ ማየት የጀመርኩት ከቆሻሻ ክምር ላይ ነው። በግንብ ከታጠረው አሮጌ ከተማ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ወጣ ሲሉ የጫት ሻጮች የተረፋቸውን ገራባ የሚጥሉበት ቦታ አለ፤ ፍየሎች ቅጠሉን ይለቅማሉ፣ እንጨቱ እዚያው ይበሰብሳል። አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ክምሩ ላይ ጣት የሚያክሉ ግራጫ ነገሮች እንደ ተዘጋ ጃንጥላ ተጠቅልለው በቅለው አየሁ። ሰው እንዳያየኝ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩና ሦስቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የምሠራው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ከሥራ ተመልሼ መሐረቡን ስፈታ እንጉዳዮቹ የሉም። በቦታቸው ያገኘሁት ጥቁር ቀለም ነበር። ራሳቸውን አቅልጠው ቀለም ሆነዋል። የክብሪት እንጨት ነክሬ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍኩበት፤ ይነበባል። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስማር እንደዚያ ምሽት ልቤ የመታበት ቤተ ሙከራ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን የእንጉዳይ መመሪያ እያነበብኩ መለየት መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው። የእንጉዳዩን ቆብ ቆርጦ ወረቀት ላይ መድፋት፣ ብርጭቆ መክደን፣ ጥቂት ሰዓት መተው። ከቆቡ ሥር እንደ ቀሚስ ሽንሽን ከተደረደረው ክፍል ደቃቅ ዱቄት ይረግፋል፤ የዱቄቱ ቀለም የዘሩን ዓይነት ይናገራል። ነጭ ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ የወረቀቱን ግማሽ በካርቦን ወረቀት እሸፍነዋለሁ። ብርጭቆውን ባነሣሁ ቁጥር የእያንዳንዱ ሽንሽን መስመር በዱቄት ተስሎ ሳገኘው ብቻዬን እስቃለሁ።

የተከራየሁት ፈላና በር አጠገብ፣ ከአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። የሻይ ብርጭቆዎቹም የእሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ እንግዳ መጥቶብኝ ሻይ የምሰጥበት አጣሁ። አንቺ ዘንድ ስንት ብርጭቆ አለ?»

አራት ነበር። አራቱም ተደፍተዋል። ፊቴ ጋለ።

«ይሄ ምንድነው? መድኃኒት ነው ድግምት?»

«እንጉዳይ ነው እናቴ። የዱቄቱን ቀለም ላይ ብዬ ነው።»

አንዱን ብርጭቆ አነሡና አሸተቱ። «ይሄማ የጅብ ጥላ ነው። የሚበላው ሌላ ነው» አሉ፤ እንግዳቸውን ረስተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ልጅ ሳሉ በክረምት የገጠር ሴቶች በኤረር በር ይዘውት ይገቡ ነበር፤ ከምስጥ ኩይሳ ሥር የሚወጣ ነጭ እንጉዳይ። እናታቸው በሽንኩርትና በቅቤ ይጠብሱት ነበር፣ ዶሮ ዶሮ ይላል። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ግን በቤታቸው ክፉውን ከደጉ የሚለይ ጠፋ። የእሳቸው ዓይን ደግሞ ሞራ ለብሷል።

«አንቺ ተምረሻል» አሉኝ። «ኢንሻአላህ ከመሞቴ በፊት አንዴ ታበዪኛለሽ።»

እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ሲወጡ ግን መመሪያውን ከፍቼ ከነጭ እንጉዳዮች መካከል የሚመርዙትን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ብሳሳት ማንን እንደምመርዝ አሁን አውቃለሁ።

በየጠዋቱ ከኤረር በኩል ወተት የምታመጣላቸው ገበሬ ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ማሳቸው ዳር ኩይሳ እንዳለ ነገረችኝና ቅዳሜ ይዛኝ ሄደች።

«ዩኒቨርሲቲ የጅብ ጥላ ለቀማ ነው የሚያስተምሩት?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«አይ፣ ይሄን በራሴ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ። ልጄን ሲያድግ ልልክ ነው እኮ።»

ኩይሳው ማሽላው ዳር ነበር፤ ዙሪያው በእንጉዳይ ነጥቷል። ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ የግጦሽ ሣሩም ላይ እንደዚያው ነጭ፣ መሀሉ ቡናማ የሆነ ሰፋፊ ቆብ ተዘርግቷል። እንደዚያ የተትረፈረፈ ነገር ፊት ቆሜ አላውቅም። ተንበርክኬ በትንሽ ቢላ አንድ በአንድ ከመሬት ጋር አስተካክዬ ቆረጥኩ፣ አፈሩን አራገፍኩ፣ ሁሉንም ባንድ ዘንቢል ደረደርኩ። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ሁለት ቆብ መርጬ ደፋሁ። አከራዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ወደ ማታ ብርጭቆዎቹን አነሣሁ። አንዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር። ሌላው አረንጓዴ፣ እንደ ደረቀ ጫት። ስለ አረንጓዴው መመሪያው አያመነታም፤ ሆድ ዕቃን የሚገለብጥ መርዝ ነው። ዘንቢሉን አየሁ። ሁሉም ከመሬት በላይ ተቆርጠዋል፤ የቱ ከኩይሳው፣ የቱ ከሣሩ እንደመጣ አላውቅም። ሁሉንም እንዳልፈትን ግማሾቹ ያልተከፈቱ እምቡጦች ናቸው፣ ዱቄት አይጥሉም።

ግቢውን ተሻገርኩ። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ይንጫጫል።

«አይሆንም እናቴ።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

ድስቱን አማሰሉና «ሽንኩርቱስ?» አሉ።

ሽንኩርቱን በዳቦ በላን። አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ባለ ወተቷ መጣች። «በላችሁ?»

«ጣልኩት» አልኩና ነገሩን ነገርኳት።

«ጭራውን መሬት ውስጥ ትተሽ ራሱን ብቻ ወሰድሽ እኮ። የኩይሳው ጭራ አለው፣ እስከ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል። የሣሩ ጭራ የለውም፤ እሱን ከብትም አይነካው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የተማርሽ ነሽ ብዬ ነዋ። ቢላ ይዘሽ፣ ወረቀት ይዘሽ፣ እኔ ምን ልበል?»

እውነቷን ነው። እኔም አልጠየቅኳትም። ማፈሬን ጥንቃቄ እያልኩ ስጠራው ኖሬአለሁ።

ቀጣዩ ከባድ ዝናብ በዘነበ በሦስተኛው ቀን፣ እሷ ዶማ እኔ ማንኪያ ይዘን ኩይሳው ሥር ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ያልጠየቅኳት ነገር የለም። አንዱን መርጠን ዙሪያውን ቆፈርን። አገዳው ከመሬት በታች አላለቀም፤ እየቀጠነ፣ እየጠቆረ ወረደ። እንዳይበጠስ በማንኪያ ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር እያደረግኩ ተከተልኩት። አንድ ክንድ ያህል ስንወርድ አፈሩ ተደረመሰና ትንሽ ጓዳ ተከፈተ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ቡናማ እብጠት አለ፤ ላዩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ምስጦቹም በመካከላቸው ይሯሯጣሉ። የእንጉዳዩ ጭራ የበቀለው ከዚያ ላይ ነው። ምስጦቹ ቅጠልና እንጨት አኝከው፣ ማሳ አዘጋጅተው፣ እንጉዳይ ያመርታሉ።

«ገበሬዎች ናቸው» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴም ተሰማኝ። «እነሱም ገበሬዎች ናቸው!»

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አየች። «ግብር ይከፍላሉ?»

ስምንት እንጉዳይ ከነጭራው አወጣን፤ ጉድጓዱን መልሰን ደፈንን። ቤት እንደገባሁ የተከፈቱትን አምስቱን አንድ በአንድ ደፋኋቸው። አምስቱም ሮዝ ወጡ። የሦስቱን እምቡጦች ጭራ ሦስት ጊዜ አየሁ።

«እኔ ዛሬ አንዱን እበላለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ ነገ ጠዋት። የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይደር።»

«እኔ ሰማንያ ዓመት የኖርኩት ልቆይ፣ አንቺ ገና ያላገባሽው ትቅመሺ? ተገላቢጦሽ ነው።»

«እናቴ፣ እምቢ ካሉ ሁሉንም እጥለዋለሁ።»

አዩኝ። እንደዚያ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።

አንዱን በቅቤ ጠብሼ በላሁ። እውነትም ዶሮ ዶሮ ይላል።

ፀሐይ ሳትወጣ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ እናቴ።»

«ሆድሽስ?»

«ርቦኛል ነው የሚለው።»

ምድጃቸውን ሊለኩሱ ሄዱ፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ አድሯል። እንጉዳዩ ሲደርስ ከፍ ያለው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ቢስሚላህ ብለው አንድ ጉርሻ አነሡ። ሞራ የለበሰ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አኘኩ።

«ቅቤው አንሶታል» አሉ።

ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ በሉ። የሳህኑን ቅባት በዳቦ ጠርገው፣ ጣታቸውን ልሰው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዝናቡ መቼ ነው የሚመለሰው?»

እኔ ግን በበሩ በኩል ሰማዩን ቀድሜ አይቼው ነበር። በኤረር በኩል ጠቁሯል።