የስኳር ዕቃውን ልንመልስ የሄድንበት ቅዳሜ

ካናዳ ካለው ሰፈራችን፣ ከፋልከንሪጅ፣ የወጣነው ጠዋት ነው። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በሻርፕ የጠቀለሉትን የፖርስሊን ስኳር ዕቃ ታቅፈዋል። ዕቃው፣ እሳቸው ቤቷ ድረስ እየሄዱ ለዓመታት የተንከባከቧት የካናዳዊቷ አሮጊት፣ የማርጋሬት ነው። ለገና ኩኪስ ሞልታ ሰጠቻቸው፤ ዳቦ ቆሎ ሠርቼ እመልሳለሁ እያሉ ሲሰነብቱ ማርጋሬት አረፈች። ልጇ ዕቃዋን ለጨረታ ማቅረቧን ሲሰሙ ውሰጂኝ አሉኝ። እኔም ለተማሪዎቼ ስለ ፖርስሊን ማስተማር ስለምፈልግ ደስ አለኝ።

ባቡር ውስጥ

የምንሄድበት ፕሪቪው ማለት ከጨረታው በፊት ማንም ሰው በነፃ ገብቶ ዕቃውን የሚያይበት ቀን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ምግብ ግን አያስገቡም አልኳቸው፤ ዕቃው በዳቦ ቆሎ ተሞልቷልና።

"ታዲያ ባዶ ልመልሰው?"

"እትዬ፣ ባለቤቷ እኮ አርፋለች።"

"እሷ አረፈች እንጂ እኔ አለሁ አይደል?"

ጨረታ ቤቱ

ግድግዳው ላይ የስንዴ ማሳና የበረዶ ተራራ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ፖርስሊን በሁለት እጅ ይነሳል፤ ጆሮውን ይዘው አያነሱትም። ጥሩው ወደ መብራት ሲያዞሩት የጣት ጥላ ያሳልፋል። ይህን ሳስረዳ እትዬ አስካለ ጥለውኝ ሄደዋል። ባለ ሰማያዊ አበባው የሻይ ዕቃ ጋ ደርሰው፣ ብቻውን የተቀመጠውን የስኳር ዕቃውን ክዳን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

"ስንቴ አጥቤሃለሁ" አሉት ቀስ ብለው።

ወጣቷ ሠራተኛ ዳቦ ቆሎውን ስታይ ፈገግ ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችን፤ ለማርጋሬት ልጅም ደወለች። የማርጋሬት ልጅ፣ ዕቃውን ይውሰዱት አለች። እትዬ አስካለ እምቢ አሉ፤ የሰው ዕቃ ነው። ስልኩን ተቀብለው፣ በእኛ ዘንድ ዕቃ ባዶ እንደማይመለስ በሚችሉት እንግሊዝኛ ነገሯት። ከዚያ ብዙ አዳመጡ፤ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ።

"'እናቴ ለእርስዎ ነው የሰጠችው' አለችኝ" አሉኝ።

ሠራተኛዋ ዳቦ ቆሎውን ለማርጋሬት ልጅ ልታቆይላት ወደ ወረቀት ከረጢት ገለበጠች፤ አንድ እፍኝ ግን ለራሷ አስቀረች። ስልኩን ተቀብላ የማርጋሬት ልጅ ያዘዘቻትን ሰማችና ባዶውን ዕቃ ይዛ ወጣች፤ ክዳኑን ገጥማ መለሰችው።

መልስ

ባቡሩ ሲታጠፍ ከዕቃው ውስጥ ኪል የሚል ድምፅ ሰማን። እትዬ አስካለ ክዳኑን ከፈቱ። ማርጋሬት ስኳር ትጨልፍባት የነበረች ትንሽ የብር ማንኪያ ተቀምጣለች።

ስለ ፖርስሊን ያዘጋጀሁት ትምህርት ብዙ ነበር፤ ሰኞ ግን የማስተምረው ስለዚህች ማንኪያ ነው።

"አየሽ" አሉኝ ክዳኑን እየመለሱ፣ "እነሱም ባዶ አልሰደዱትም።"