ቡና በዝናብ ያስመታ ተመስጦ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጀመርኩ። አንደኛው ከመምህራችን የተዋስኩት፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ የፍልስፍና ጥራዝ ነው፤ ሰው ማለት የመረጠው ነው፣ ዝም ማለትም ምርጫ ነው ይላል። ሁለተኛው ተመስጦ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ያስደረጋቸውን ሁለት ገጾች እያየሁ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እከታተል ነበር። ድምፅ ከመጣ በልብ «ድምፅ» ብሎ ማለፍ ነው፤ መነሳት የለም። ሁለቱን አጋብቼ አዲስ ሰው የምሆን መስሎኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ሲንጠባረር ለጉድ ነው።

ቸርች መሄድም ያኔ ትቼ ነበር። ወናጎ ገጠር ያለችው እናቴ ጸሎተኛ ናት፤ ጎረቤት ስለ እኔ መቅረት ሲጠይቃት «ጥናት በዝቶበት ነው» ትላለች። እኔን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ መልሴን የምትፈራ ይመስል ነበር።

በቡና ለቀማ ወቅት አንድ ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡናችን፣ ጀንፈሉ፣ ግቢው ውስጥ የቀርከሃ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አባቴ ወርቃ ከተማ ለቅሶ ሄዷል። ጀንፈል ከረጠበ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ሁለት ሰው ላስቲኩን ከግራና ከቀኝ ይዞ እየሮጠ ያለብሳል። በእኛ አካባቢ የጎረቤት ቡና ቢሆን እንኳ ማንም ጥሪ ሳይጠብቅ ይሮጣል። እናቴን ጉልበቷን ያማት ስለነበር የዚያን ቀን መሮጥ ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

እኔ ግን እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ነጎድጓድ ሰማሁ፤ «ድምፅ» አልኩ። ግንባሬ ላይ ጠብታ አረፈ፤ «ቅዝቃዜ» አልኩ። የእናቴ እግር አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ቆየት ብላ ዞራ ሄደች። ላስቲኩ መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ እሷም ስታቃስት ሰማሁ። ይህንንም «ድምፅ» አልኩት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ግማሽ ሰዓቴ ሳይሞላ አልነሳም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ የአልጋው ግማሽ ረጥቧል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች፤ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከማዶ እየሮጡ የደረሱት ጎረቤታችን ሴትዮ «ልጅሽ የት ሄዶ ነው?» አሏት።

«ይጸልያል» አለች ፈጠን ብላ።

እናቴ የምሯን መሰለኝ። ዝም ብል እሷም ደስ ይላታል፣ እኔም ከወቀሳ እድናለሁ። ዝም ማለት ምርጫ ነው የሚለው ነገር በትክክል የገባኝ ያኔ ነው። ሴትዮዋ ሲሄዱ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እየጸለይኩ አልነበረም። ስትመጪም ሰምቼሻለሁ፤ ላስቲኩን ስትጎትቺም ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «የሚጸልይ ሰው አፉ ይንቀሳቀሳል። አንተ እንደ ጉቶ ነበርክ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

ጉልበቷን ማሸት አቆመች።

«ጠርቼህ ባትነሳስ?»

ተነስቼ እርጥቡን ቡና ከደረቁ መለየት ጀመርኩ። ተመስጦውን እስከ ዛሬ አልተውኩም፤ እሷ ባለችበት ቤት ግን ዓይኔን አልጨፍንም።