አባዬ የበሬ ልብ የፈታ ዕለት

ናፍጣና የኮመጠጠ የቡና ገለፈት አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ አባዬ ከነቱታው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት የቡና ማጠቢያዎች የውኃ ፓምፕ ይጠግን ነበር፤ በለቀማ ወራት በጭቃ ተለውሶ ይገባና፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ጆሮውን በታናሽ እህቴ በምሕረት ደረት ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር።

ምሕረት አሥር ዓመቷ ነበር፤ ጥቂት ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ «አንዱ የልቧ ክዳን አይገጥምም፤ አዲስ አበባ ሄዳ ይጠገንላት» ቢልም፣ አባዬ «ልቧ ደክሞ ነው እንጂ! የልጄን ደረት በቢላ አላስከፍትም» ብሎ ወተትና ማር ያጠጣት ጀመር። እማዬ ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

በጋው ገብቶ ለገና ሰፈሩ የቅርጫ በሬ ሲያርድ፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩና፣ ልቡን ለምኜ በሳፋ አመጣሁት።

«አባዬ፣ የጫጩት ይፈጥናል፣ የበሬ ዝግ ይላል እንጂ የልብ አሠራሩ ከሰው ጋር አንድ ነው ብለውናል መምህራችን፤ አራት ክፍል አለው። እስቲ ፍታው» አልኩት።

እየተጠራጠረ ከላይ በኩል ቆረጠው። ደም ተቀባዮቹ ሁለት የላይ ክፍሎች ስስ፣ ገፊዎቹ የታችኞቹ ወፍራም ነበሩ፤ ለመላ አካላት የሚረጨው የግራው ደግሞ ከሁሉም ይወፍራል። በመካከል ነጫጭ ክዳኖች ክር በመሰሉ ጅማቶች ተወጥረዋል። አባዬ በግራው ክፍል ውኃ ሞልቶ ሲጨምቀው ክዳኑ ግጥም አለና፣ ውኃው በላይኛው ቱቦ ተፈትልኮ የእማዬን የበዓል ነጠላ አራሰው። ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጅማቶቹን በጥሶ፣ ዳግም ሞልቶ ጨመቀው። አብዛኛው ውኃ በገባበት ተመለሰ።

«ደክሞ አይደለም» አለ። «ያፈሳል! ልጄ የገፋችው እየተመለሰባት ነው የኖረችው። ይሄ እኮ ይጠገናል!»

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ራሱ አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ለቀዶ ሕክምናውም ራሱ ፈረመ። ይዟት የተመለሰ ዕለት ከመኪናው ዘሎ ወርዶ «ገጥሟል! ገጥሟል!» እያለ ሰፈሩን ዞረ፤ እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከመታከሟ በፊት ምሕረት እንዳትደነግጥ በር እንኳ በቀስታ እንዘጋ ነበር፤ እንደ እኅትማማች ተጣልተን አናውቅም። ዛሬ ወናጎ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ስትመጣ ገና ከባጃጅ ሳትወርድ ድምፅዋ ይቀድማታል። ሳታስፈቅደኝ ጫማዬን ታጠልቃለች፣ አውልቂ ስላት በእሷ ብሶ ትጮህብኛለች። እኔም ደስ እያለኝ መልሼ እጮህባታለሁ።